ሁሉንም ስንል ስንቱን ማለታችን ነው?

የደባርቅን ጠዋት ለእናንተ አልነግራችሁም። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ ብልሆች ናችሁ። እኔ ለወጉ ብዬ በኮት መጥቼ ወረቀቱ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ፤ ብርድ ነው እንጂ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ቁልፎች ነው፤ ስለ ኮንትሮልና ስለ ኤ። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጫኑ ኮምፒዩተሩ ሁሉንም ይመርጣል፤ ጽሑፍ ከሆነ ጽሑፉን፣ ፋይል ከሆነ ፋይሉን። ከኋላ የተቀመጣችሁ «ለዚህ ነው እንዴ ከሥራ ያስፈታኸን?» ስትሉ ይሰማኛል። ታሪኩን ልንገራችሁና ፍረዱ።

መምህር በነበርኩበት ጊዜ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ስም ተዉት። ሮስተር በእጅ ይሠራ ነበር፤ ያንን ጠረጴዛ የሚያክል ወረቀት ዘርግቶ፣ በማስመሪያ እያሰመሩ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ። እኔ ደግሞ ዘመናዊ ነኝ ብዬ በኤክሴል ጀመርኩ። የተማሪዎቹን ስም፣ ፆታና ዕድሜ በግራ በኩል ጻፍኩ። ቀጥሎ አንድ ባዶ ዓምድ ተውኩ፤ ለዓይን እንዲያምር ብቻ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከባዶው ዓምድ ወዲያ የየትምህርቱ ውጤት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ዓርብ ማታ ሁሉም አለቀ። ስሞቹ በፊደል ተራ ይሁኑ ስለሚባል አንዱን ስም ነካሁና ኮንትሮል ኤ ብዬ በፊደል ተራ ደርድር አልኩት። ስሞቹ እንደ ወታደር ተሰለፉ፤ ከሀ ጀምሮ እስከ ፈ። ደስ አለኝ፤ አስቀመጥኩት፣ አተምኩት፣ ዘጋሁት፣ ካርድ ሞላሁ፣ አደልኩ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት የልጃቸውን ካርድ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ሊጣሉኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ቋጠሮውን ፈትተው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና፣ «እንደው መምህር፣ አይቆጡኝና፣ ይህን ልጅ የወለድኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ይህ ልጅ አንደኛ አይወጣም» አሉኝ።

ሮስተሩን ከፍቼ አየሁ። ስሞቹ ተንቀሳቅሰዋል፤ ውጤቱ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። የአንዱ ልጅ ስም ከሌላው ልጅ ድካም ጋር ተጋብቷል። ኤክሴል ኮንትሮል ኤ ሲባል መጀመሪያ የሚመርጠው የቆማችሁበትን ሠንጠረዥ ነው፤ ባዶ ዓምድ ወይም ባዶ ረድፍ ሲያጋጥመው «እዚህ አለቀ» ብሎ ይቆማል። እኔ ለማማር የተውኳት ባዶ ዓምድ ለእሱ ድንበር ነበረች። ስሙና ውጤቱ ባዶ ዓምድ ሳይለያያቸው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ኖሮ አብረው ይሄዱ ነበር። ዘግቼው ስለነበር ኮንትሮል ዜድም አልሠራ፤ ፋይል ሲዘጋ የመመለሻው መንገድ አብሮ ይዘጋል። ከየመምህሩ የውጤት ወረቀት እየለመንኩ እንደገና አንድ በአንድ ለቀምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ከእኚያ እናት ይልቅ ዛሬም ድረስ የማስባት ግን ሌላ ልጅ ናት። እውነተኛዋ አንደኛ ካርዷ ላይ 41ኛ ተጽፎላት ነበር። እሷም ቤተሰቧም ለአቤቱታ አልመጡም። ካርዱን ተቀብላ፣ አጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች። የሌላው እናት ባይመጡ ኖሮ እንደዚያው ትቀር ነበር።

እንግዲህ ርዕሴ ይኸው ነው። ማሽኑ «ሁሉንም» ሲል ስንቱን ማለቱ ነው?

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። ስልካችሁን አማርኛ ካደረጋችሁት፣ አንድ ቃል ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ስትቆዩ፣ ከላይ ቁረጥ፣ ቅዳ፣ ለጥፍ፣ ሁሉንም ምረጥ የሚሉ ቃላት ብቅ ይላሉ። «ሁሉንም ምረጥ» ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ነገር ነው። መምረጥ ማለት እኮ መለየት ነው፤ ደህናውን ወዲህ፣ እንክርዳዱን ወዲያ። በገበያ ቀን ድንች ልትገዛ የተቀመጠች ሴት ትልልቁን ብቻ ስትለቅም ሻጯ ምን ትላታለች? «እቴ፣ አይመረጥም፤ እንዳለ ውሰጂ!» ነው የምትላት። ኮምፒዩተሩ ይህንኑ «እንዳለ ውሰጂ» ነው ምርጫ ብሎ የሚጠራው። ተርጓሚውን አልወቅስም፤ እንግሊዝኛውም ያው ነው።

«ቅዳ» ግን ደስ ትለኛለች። ጠላ እንቀዳለን፣ ውኃ እንቀዳለን፣ ጽሑፍም ከጥንት ጀምሮ እንቀዳለን። ልዩነቱ ከጋን ሲቀዳ ጋኑ ይጎድላል፤ ከፍላሽ ሲቀዳ ግን ፍላሹ እንደሞላ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ፋይል ስትቀዱባቸው «ለእኔም ትንሽ አስቀርልኝ» የሚሉ። አትሳቁባቸው፤ ቋንቋው ያስተማራቸው እንዲያ ነው።

በመምረጥና በጅምላ በማንሣት መካከል ያለውን ልዩነት ታሪካችንም ያውቀዋል። በ1847 ዓ.ም. እዚሁ እኛው ተራራ ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ብለው የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት በጅምላ ነበር ያነሡት። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ደግሞ መረጠ። ከ1,000 ገደማ የብራና መጻሕፍት 350 የሚሆኑት ወደ ለንደን ተሻገሩ። ሸክም የከበደበት ጦር የቀሩትን ጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ትቶ ሄደ። ሁለቱም ጎዱን፤ ግን አንዱ ሲያነሣ የያዘውን አልቆጠረም፣ ሌላው እያንዳንዱን ገልጦ አይቶ ነው የወሰደው። ከዚህ ወደ ኮምፒዩተር መመለሱ እንደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ነው፤ ታገሡኝ።

ይህ ሁሉንም የመምረጥ ነገር ከድሮም አደጋ አያጣውም። እ.ኤ.አ. በ1974 ገደማ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዜሮክስ ፓርክ በተባለ የምርምር ማዕከል ባትለር ላምፕሰንና ቻርልስ ሲሞኒ ብራቮ የሚባል የጽሑፍ ፕሮግራም ሠሩ። ለዘመኑ ድንቅ ነበር። ግን ጠባዩ ሁለት ነው። አንዳንድ ጊዜ የምትመቱት ፊደል ጽሑፍ ይሆናል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ትእዛዝ። በትእዛዝ ጠባዩ ላይ እያለ ኢ ማለት ሁሉንም ምረጥ፣ ዲ ማለት ሰርዝ፣ አይ ማለት ጽሑፍ ማስገባት ጀምር ነው። አንድ ሰው ሳያስተውል «ኤዲት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቢመታስ? ኢ ሲል ሰነዱ በሙሉ ይመረጣል። ዲ ሲል ይሰረዛል። አይ ሲል መጻፊያው ይከፈታል። ከዚያ ቲ። የሰውየው ሰነድ በሙሉ አንዲት ቲ ሆና ትቀራለች። ማረም ማለት በሆነ ቃል ማጥፋት!

በዚያው ማዕከል የነበረው ላሪ ቴስለር ይህን ሁለት ጠባይ አምርሮ ጠላው። ከቲም ሞት ጋር ጂፕሲ የተባለውን ፕሮግራም ሲሠሩ ፊደል ሁልጊዜ ፊደል፣ ትእዛዝ ሁልጊዜ ትእዛዝ እንዲሆን አደረጉ። ዛሬ እያንዳንዳችን በቀን ስንት ጊዜ የምናደርገው ቆርጦ መለጠፍ፣ ቀድቶ መለጠፍ ቅርጹን የያዘው በእሱ እጅ ነው። ሰውዬው በጉዳዩ ከመጽናቱ የተነሣ የመኪናውን ታርጋ ሳይቀር «ሁለት ጠባይ ይቅር» የሚል መልእክት ያለበት አድርጎት ነበር። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ለምን ኤ እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ሁሉም የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ናት። በስፓንኛው ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ግን ኢ ናት፤ በፖርቱጋልኛው ወርድ ቲ ናት። እያንዳንዱ በቋንቋው። የእኛ ቢሆን ሁ ትሆን ነበር፤ ሁን ለመጻፍ ደግሞ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋልና ኮንትሮል ጨምረን ሦስት ጣት ልናሰልፍ ነው። በኤዋ እንቆይ።

ማክ ኮምፒዩተር ያላችሁ ካላችሁ ኮንትሮል አይደለም የምትጫኑት፤ ኮማንድ የሚባለው ቁልፍ ነው፤ አራት ማዕዘኑ ላይ ጆሮ የመሰለ ቀለበት ያለው ምልክት። ይህችን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1983 ለማኪንቶሽ የመረጠችው ሱዛን ኬር የምትባል ሠዓሊ ናት። በሰሜን አውሮፓ አገሮች መንገድ ዳር ምልክቷ ሲቆም «እዚህ የሚጎበኝ ነገር አለ» ማለት ነው። እንግዲህ ከዚህ እስከ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ያለውን መንገድ በሙሉ ኮማንድ ቁልፍ ልንተክልበት እንችላለን ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ። አስጎብኚዎች እዚህ ስላላችሁ ምስክር ትሆኑኛላችሁ። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ማለዳ ሜዳውን ያየ እንግዳ «ጭላዳ የለም» ይላል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ከገደሉ እየወጡ ሜዳውን ይሞሉታል። ጭጋግ ከወረደ ደግሞ እንደገና የሉም። ስንት ናቸው? መልሱ መቼና የት ሆነህ አየህ በሚለው ላይ ነው። ኮምፒዩተርም እንዲያው ነው። ገደሉ ውስጥ ያለውን አይቆጥርም፤ ሜዳው ላይ ያለውን «ሁሉንም» ይላችኋል፤ የትኛው ሜዳ ላይ እንደቆማችሁም አይጠይቃችሁም።

ፎልደር ከፍታችሁ ባዶው ቦታ ላይ ጠቅ ካላችሁ በኋላ ኮንትሮል ኤ ብትሉ ፋይሎቹ በሙሉ ይመረጣሉ። የአንዱን ፋይል ስም ልትቀይሩ ጀምራችሁ ብትሉት ግን የሚመርጠው የስሙን ፊደላት ብቻ ነው። ከላይ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ሆናችሁ ብትሉት እዚያ የጻፋችሁትን ነው። ቁልፉ ያው፣ ጣቱ ያው፤ የቆማችሁበት ብቻ ነው የተለየው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን በሊነክስ ተርሚናል ላይ ኮንትሮል ኤ ብትሉ ደግሞ ምንም አይመረጥም፤ ጠቋሚው ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይዘልላል፣ አለቀ።

ደብዳቤ ላይ ላሳያችሁ። የመንግሥት ደብዳቤ አንድ ወግ አለው፤ ከላይ አርማና የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ በቀኝ ቁጥርና ቀን፣ ከታች ግልባጭ። ብዙ ቦታ የላይኛው ክፍል የሚቀመጠው የገጹ ራስጌ ውስጥ ነው። ወርድ ደግሞ ኮንትሮል ኤ ሲባል የሚመርጠው መሐሉን ነው፤ ራስጌውን፣ ግርጌውን፣ የግርጌ ማስታወሻውን፣ ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን አይነካም። በዚህ የተነሣ ስንት ደብዳቤ አይቻለሁ፤ ሆዱ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ራሱ በሌላ፣ «ቁጥር» የሚለው ገና በ2003 ዓ.ም. ልብሱ!

የአማርኛ ፊደል ነገር ሲመጣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አንዲት የማውቃት ጸሐፊ አለች፤ እጇ ፈጣን፣ ሥራዋ ንጹሕ። አለቃዋ አንድ የቆየ ሰነድ አምጥቶ፣ «እኅቴ፣ የዚህ ፊደል አላማረኝም፤ ቀይሪውና ቶሎ አትሚልኝ» ይላታል። ኮንትሮል ኤ አለች፤ ታይምስ ኒው ሮማን መረጠች። 14 ገጽ ሰነድ በቅጽበት ወደማይነበብ የላቲን ዝርግፍ ተለወጠ፤ ቅንፍ፣ አራት ነጥብ፣ ዶላር፣ ኤክስ። እሷ ደነገጠች፤ አለቃው «ምን አደረግሽው?» አላት። ምንም አላደረገችም። ሰነዱ ድሮም አማርኛ አልነበረም፤ አማርኛ የለበሰ ላቲን ነበር።

በቆዩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ዘመን ኮምፒዩተሩ ግዕዝ አያውቅም ነበር። ስለዚህ በላቲኑ ፊደል ቦታ የእኛን ፊደል ሥዕል አስቀመጡበት። ዓይናችን «ለ» ሲያይ ማሽኑ የሚያውቀው አንዲት የላቲን ምልክት ነው። ልብሱን ስትገፉት ውስጡ ይታያል። ይህን ለማስተካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ለፍተዋል። ቀድመው የኮምፒዩተር ግዕዝ ከሠሩት አንዱ ፍስሐ አጥላው ድርጅታቸውን ዳሸን ኢንጂነሪንግ ብለው ነበር የጠሩት፤ ስሙ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ሦስተኛ እትሙን ሲያወጣ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 የራሱ ቁጥሮች ተሰጡት። ከዚያ ወዲህ ሀ የትም ሀ ናት። ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የግዕዝ ፊደል ሲያወጣ ስሙን ኒያላ አለው። የባሌን እንስሳ ነው የመረጡት፤ እንደ ዋልያ አገር ሰው ትንሽ ቅር ብሎኛል።

እና ዛሬም በየጽሕፈት ቤቱ ግማሹ በድሮው፣ ግማሹ በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ አለ፤ ከዚህም ከዚያም ተለጣጥፎ የተሠራ። በዓይን አንድ ነው። ኮንትሮል ኤ ብላችሁ ፊደሉን ስትቀይሩ ግን ግማሹ ደህና ይሆናል፣ ግማሹ ይበላሻል። ማሽኑ አንድ አድርጎ ያነሣው አንድ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ዋናውን ሳትነኩ ቅጂ አውጡ፤ ቀጥሎ ከየአንቀጹ አንድ ቃል እየነካችሁ ከላይ የሚታየውን የፊደሉን ስም አንብቡ። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ከ14 ገጽ መልሶ መጻፍ ግን ይቀላል።

ስካን የተደረገ ደብዳቤ ላይ «ለምን አይመረጥልኝም?» ለምትሉ፣ እሱ ፎቶ ነው፤ የሚመረጥ ፊደል የለበትም። ከፎቶ ላይ ሰው ሰላም ለማለት እንደመሞከር ነው።

ፍላሽን ሳላነሣ ባልፍ ታዝኑብኛላችሁ። ዳባት አንድ ጽሑፍ ቤት ፈተና አስተይቤ ነበር። የባለቤቱን ፍላሽ ከፈትኩ፤ 38 ነገሮች ተደርድረዋል፤ ስማቸው ልክ ነው። ኮንትሮል ኤ፣ ኮንትሮል ሲ፣ በእኔ ፍላሽ ላይ ኮንትሮል ቪ። ብልጭ ብሎ አለቀ። «ምን ዓይነት ፈጣን ኮምፒዩተር ነው!» ብዬ አድንቄ ከፍዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደባርቅ ደርሼ ስከፍተው አንዱም አይከፈትም። እያንዳንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለችበት። ሾርትከት ቫይረስ ነበር። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፋይሎች ይደብቅና በምትካቸው መንገድ ጠቋሚ ብቻ ያስቀምጣል። እኔ 38 የመንገድ ምልክት ጭኜ መጥቻለሁ፤ ቤቶቹ ዳባት ቀርተዋል። የተደበቀ ፋይል ካልታየ ኮንትሮል ኤ አይነካውም፤ ጭላዳው ገደል ውስጥ ነው። በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ባለቤቱ የተደበቀው እንዲታይ አድርጎ ሰጠኝ፤ ሒሳብ አልጨመረብኝም።

ሲቀዳ ያ ፍጥነት ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ደግሞም መስኮቱ ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል ስንት እንደተመረጠና ክብደታቸው ስንት እንደሆነ ተጽፏል። 38 ፈተና ከነሥዕሉ ከ50 ኪሎባይት በታች ሊሆን አይችልም። ተጽፎልኝ ነበር፤ አላነበብኩትም።

ከፍላሽ ላይ ስለመሰረዝ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በዊንዶውስ ከኮምፒዩተሩ ሆድ የሰረዛችሁት ሪሳይክል ቢን ይገባል፤ ትመልሱታላችሁ። ከፍላሽ የሰረዛችሁት ግን እዚያ አይገባም፤ ቀጥታ ይሄዳል። ኮንትሮል ኤ እና ዲሊት ፍላሽ ላይ ሲገናኙ እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንሡና አንድ ጊዜ ተንፍሱ።

ስልክ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ስልክ ኮንትሮል የለውም፤ ጣት ነው ያለው። አይፎን በ2007 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቀድቶ መለጠፍ ጭራሽ አልነበረውም፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2009 ነው የመጣለት። ዛሬ በአንድሮይድ አንዱን ተጭናችሁ ትቆያላችሁ፣ ምልክት ይወጣል፣ ጥግ ላይ ሁሉንም የምትመርጥ ሳጥን ወይም ሦስት ነጥብ ትፈልጋላችሁ። ቦታዋ ከስልክ ስልክ ይለያያል፤ የቴክኖው ከሳምሰንጉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ መተግበሪያ ደግሞ ሆን ብሎ ይከለክላችኋል። ቴሌግራም በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ መልእክት ወደ ሌላ ሰው አያሻግርም። ጂሜይል በኮምፒዩተር ላይ ሳጥኗን ስትነኩ ገጹ ላይ ያሉትን ብቻ ይመርጣል፤ ካልቀየራችሁት 50 ናቸው። ከዚያ በኋላ ከላይ በትንሽ መስመር «የቀሩትንም ልምረጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ እወድለታለሁ። «ሁሉንም ስትል ስንቱን ነው?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

የአንድ አስጎብኚ ወዳጄን ነገር ልጨምር። ስልኩ ሞላበት። ለዓመታት ያነሣው ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ቧሂት ላይ የወደቀ በረዶ፣ የልጆቹ ክርስትና፣ ሁሉም ጎግል ፎቶስ ላይ ተቀምጧል። «ኢሜይሌ ላይ ስላለ ከስልኩ ላጥፋው» ብሎ እዚያው መተግበሪያ ውስጥ ጣቱን እየጎተተ ሁሉንም መረጠና ሰረዘ። ስልኩ ቀለለ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ለአንድ እንግዳ ሊያሳይ ሲከፍት፣ ከስልኩም ከኢሜይሉም የለም። እዚያ ውስጥ ያለው ፎቶና ደመናው ላይ ያለው አንድ ነው፤ አንዱን ሲያጠፉ ሌላውም ይጠፋል። ቦታ ለማስለቀቅ የተሠራው ትእዛዝ ሌላ ነው፤ እሱ ከስልኩ ብቻ ነው የሚያነሣው። «አያ፣ በል ድረስልኝ» ብሎ ደወለልኝ። ደመናው ላይ የነበረ ፎቶ ሲሰረዝ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያልና ገብተን መለስነው። ሁሉንም ምረጥ፣ መልስ። ያን ዕለት ቁልፏን መረቅኳት።

ስለዚህ ቁልፏን ፍሩ አልላችሁም። ያለ እሷ 400 ፎቶ አንድ በአንድ መንካት ጣት ማድከም ነው። እኔ የምመክራችሁ አሠራር ይህ ነው፤ ከ60 ፋይል ውስጥ አራቱን ብቻ መተው ከፈለጋችሁ፣ 56ቱን አትልቀሙ። ሁሉንም ምረጡና ኮንትሮልን እንደያዛችሁ አራቱን ጠቅ ጠቅ አድርጓቸው፤ ከምርጫው ይወጣሉ። ስንዴ ስትለቅሙ እንክርዳዱን ነው የምታወጡት እንጂ ስንዴውን አንድ በአንድ አታነሡም። ከተራው መሐል ጥቂት ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን ነክታችሁ፣ ሺፍትን ይዛችሁ የመጨረሻውን ንኩ፤ በመካከል ያለው ይከተላል። ተሳሳታችሁ? ምንም ሌላ ነገር ሳትነኩ፣ ሳትዘጉ፣ ኮንትሮል ዜድ።

መምህራን ሆይ፣ ሮስተራችሁ ውስጥ ለማማር የተዋችሁት ባዶ ዓምድ ካለ ዛሬውኑ አጥፉት። በፊደል ተራ ከመደርደራችሁ በፊት የአንዱን ጎበዝና የአንዱን ደካማ ተማሪ ስምና ድምር በወረቀት ጻፉ፤ ከደረደራችሁ በኋላ ሁለቱን ብቻ አመሳክሩ። ደቂቃ አይፈጅም። ያኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ 41ኛ የተባለችው ልጅ ያንን ካርድ አጥፋ ባልሄደች።

ጸሐፊዎች፣ ከመሰረዛችሁም ከመቅዳታችሁም በፊት መስኮቱ ግርጌ ያለችውን ቁጥር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከብት ወደ በረት የሚያስገባ እረኛ ሳይቆጥር አይዘጋም።

ከዚህ በላይ አላቆያችሁም። ላፕቶፑ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ፕሮጀክተሩም እስከ ስድስት ሰዓት ተፈቅዶልናል። ቀስት ያለበት ፍላሽ የያዛችሁ፣ የተበላሸ ፊደል ያለበት ደብዳቤ ያላችሁ፣ ፎቶ ጠፍቶባችሁ 60 ቀን ያልሞላችሁ፣ ወደ ፊት ኑ። የ60 ቀን ሰዎች ይቅደሙ።